ፈረሴ ሦስተኛ ገብቶ «ትኬትህ ተበልቷል» ተባልኩ፤ ቤቱ 3 ሰዓት ይዘጋል

የታፎ ልጅ፦
ሰዎች ቶሎ ድረሱልኝ። ለገጣፎ ነኝ፣ ቤቲንግ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ዛሬ 11 ሰዓት የእንግሊዝ ፈረስ ላይ ኢች ዌይ ቆርጬ ነበር። 100 ብር ለማሸነፍ፣ 100 ብር ለፕሌስ፣ ማለትም ባያሸንፍም ከፊተኞቹ ውስጥ ለመግባት። ኦዱ 9.00፣ ካሸነፈ 1 ብር 9 ሆኖ ይመለሳል። ፈረሴ ሦስተኛ ገባ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ካሸሯ ትኬቱን አስነብባ «ዜሮ ነው» አለችኝ። 8 ፈረስ ካለ እስከ ሦስተኛ ይከፈላል የሚል ወረቀት እዚሁ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ምን ልበላት?

ኬላ፦
ድጋሚ ታስነብበው። ባርኮዱ ከታጠፈ ማሽኑ በደንብ ላያነበው ይችላል።

የታፎ ልጅ፦
ሁለቴ አስነበበችው። ያው ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ቨርቹዋል ከሆነ አትድከም ወንድሜ። እዛ ፈረስ የለም። ኮምፒውተሩ ቁጥር ያወጣል፣ ምስሉ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣ ነው። ትናንት 4 ቁጥር ማሸነፉ ስለ ዛሬው 4 ቁጥር ምንም አይነግርህም። እሱ ላይ ጥቆማ የሚለዋወጡ ልጆች በጣም ያሳዝኑኛል።

የታፎ ልጅ፦
ቨርቹዋል አይደለም! እውነተኛ ፈረስ ነው። እንዲያውም ሜዳው ጭቃ ነበር፣ የመረጥኩትም ለዛ ነው። በፊት ጭቃ ላይ ሁለት ጊዜ ጥሩ ሮጧል።

ቁጥር ወዳድ፦
እንደዛ ከሆነ ምርጫህ ጥሩ ነው። እኔም መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ቀጥሎ የተሸከመውን ክብደት አያለሁ። ሃንዲካፕ ውድድር ላይ ጎበዙ ፈረስ የበለጠ ስለሚጫንበት ስሙን ብቻ አይቶ መቁረጥ ያስበላል።

የሱሉልታው፦
እኔ ሱሉልታ ከፈረስ ጋር ነው ያደግኩት። ጃንሜዳ ላይ አባቶቻችን ስለ ፈረስ አፍ የሚከፍቱት ዞረው ካዩት በኋላ ነበር። ትከሻውን ይዳብሳሉ፣ ኮቴውን ያነሳሉ፣ ሲራመድ አንገቱን ይከታተላሉ። የሚያነክስ ፈረስ የታመመው የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ልጅ እያለን ያስተማሩን ይሄንን ነው። እናንተ ያላያችሁት ፈረስ ላይ የወር አስቤዛ ታስይዛላችሁ። ከሰው ለምታገኙት ጥቆማም እንዲሁ ነው የምላችሁ፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። 200 ብር ለቤት ምን እንደሚሠራ አስብ ልጄ።

የታፎ ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። አሁን ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

አያት ጨፌ፦
ባርኮዱን ትታ የትኬቱን ቁጥር በእጇ ታስገባው።

ካሸር የነበርኩ፦
ቆይ፣ ባርኮዱን ተዉት። 8 ፈረስ ዝርዝሩ ላይ ነው ወይስ የሮጡት ናቸው 8?

የታፎ ልጅ፦
ዝርዝሩ ላይ 8። አንዱ ግራጫ ፈረስ መነሻው ላይ አስቸግሮ ሳይሮጥ ቀረ። እሱ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?

ጎሮ፦
በቃ ተበልተሃል። 7 ሮጡ፣ ለ7 ፈረስ የሚከፈለው እስከ ሁለተኛ ነው። ካሸሯ ልክ ናት፣ ልጅቷን አታስጨንቃት።

ካሸር የነበርኩ፦
ጎሮ፣ አትቸኩል። በተለመደው ደንብ ከ5 እስከ 7 ፈረስ ከተነሳ ለሁለት ቦታ ከኦዱ ትርፍ አንድ አራተኛው ይከፈላል። 8 እና ከዛ በላይ ከሆነ ለሦስት ቦታ አንድ አምስተኛው። ጥያቄው ግራጫው ይቆጠራል ወይ ነው። መነሻው ላይ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ አልገባም ብሎ ከተመለሰ ከውድድሩ ወጥቷል፣ እሱ ላይ ለቆረጡ ሰዎች ብራቸው ይመለሳል፣ የሚቆጠሩትም 7 ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ በሩ ሲከፈት «አልወጣም» ብሎ ከቆመ ግን ሮጧል ተብሎ ይቆጠራል። ያኔ 8 ናችሁ፣ አንተም ልክ ነህ። 9.00 ላይ ትርፉ 8 ነው፣ ለ5 ሲካፈል 1.6። የፕሌሱ 100 ብር 260 ሆኖ ይመለሳል።
ስለዚህ «ፈረሴ ሦስተኛ ነው» እያልክ አትከራከር። «ግራጫው ላይ የቆረጠ ሰው ብሩ ተመልሶለታል?» ብለህ ጠይቃት። ካልተመለሰለት ፈረሱ ተቆጥሯል ማለት ነው። ትኬቱን ደግሞ አሁኑኑ ፎቶ አንሳው፣ የዛ ወረቀት ጽሑፍ በሙቀት ይጠፋል። ዋናውን ከእጅህ አታውጣ። እምቢ ካሉህ አቤት የምትለው ፈቃድ የሚሰጣቸው መሥሪያ ቤት ጋ ነው።

ሰንዳፋ፦
እኔ ኢች ዌይ የምወደው ለዚህ ነው፣ ፈረስ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። በፈረንጆቹ 1967 ግራንድ ናሽናል በሚባለው የእንግሊዝ የአጥር ዝላይ ውድድር ላይ 23ኛው አጥር ጋ ፊት ያሉት ፈረሶች ተደነባብረው እርስ በርስ ተዘጋጉ። ፎይናቮን የሚባል ፈረስ በጣም ኋላ ስለነበር ክፍተት አግኝቶ ዘለለ፣ 100 ለ1 (1 ብር 100 የሚያተርፍበት) ሆኖ አሸነፈ።

ኬላ፦
ወንድሜ፣ ባርኮዱስ?

የታፎ ልጅ፦
ጠየቅኳት። «ግራጫው ላይ የቆረጠ ሰው ዛሬ አልመጣም» አለች። ማናጀሩ ከካራ እየመጣ ነው ብለውኛል። ሪፕሌዩን ሦስት ጊዜ አየሁት። በሩ ሲከፈት ካሜራው በጎን ነው፣ ሰባቱ ሲወጡ ይታያል፣ ስምንተኛው ሳጥን ውስጥ ግን ጭራ የሚመስል ነገር አለ። ስልኬ 4 ከመቶ ቀርቶታል።

ካሸር የነበርኩ፦
ሪፕሌዩ ላይ ሰዓቱን ጻፈው! ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነው? ማናጀሩ ሲመጣ እዛው ላይ አቁመህ አሳየው።

የሱሉልታው፦
ፈረሱ ግን ደህና ነው? ሳጥን ውስጥ የሚቆም ፈረስ ወይ ፈርቷል ወይ አሞታል።

አያት ጨፌ፦
3 ሰዓት ከሩብ ሆነ። የታፎ ልጅ፣ ከፈሉህ?

ካሸር የነበርኩ፦
ጠዋት ስልክህ ሲሞላ ጻፍልን። ትኬቱን ኪስህ ውስጥ አትጠፈው፣ ደብተር መሃል አስቀምጠው።