ያረፈደ ልጅ 41 ይስገድ?

አጎት፦ ሰላም የደሴ ልጆች። አንድ ነገር አከራክሮናል። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት አርፍዶ ደረሰ። አስተማሪው በር ላይ አስቁሞ «41 ጊዜ ስገድና ትገባለህ» አለው። ጓደኞቹ በመስኮት እያዩት ሰገደ። ቤት ሲመጣ መዳፉ ቀልቷል፣ የሱሪው ጉልበት ጭቃ በጭቃ። እህቴ «እሰይ፣ አበጀ!» አለች። ባሏ «ሁለተኛ እግሩ አይረግጥም» ብሎ ማለ። የቱ ደብር ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ስግደት ለቅጣት ይሰጣል ወይ? ስድብ የለም።

የሸዋ በር ልጅ፦ ምን ችግር አለው? እኛ ፊደል የቆጠርነው የየኔታን አለንጋ እያየን ነው። መጽሐፉም «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል» ይላል፤ ምሳሌ 13፥24። የዘንድሮ ልጅ ገና ስትቆጣው ስልኩን ይዞ ይወጣል። 41 ስግደት ምን አላት? ስፖርት ናት።

የሆጤ እናት፦ አንተ ልጅ፣ ኤፌሶን 6፥4ንም አንብባት። አባቶች ልጆቻችሁን አታስቈጡ ትላለች። ደግሞ ልጁን «ለምን አረፈድክ?» ያለው ሰው አለ? የኔው ልጅ ውሃ የመጣ እሁድ ጀሪካን ሞልቶ፣ ታናሹን አጥቦና አልብሶ ነው የሚወጣው። እሱንም ያሰግዱት?

ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ይጠየቅ። ግን ሰዓት ማክበርን የት ይማረው? እኔ ፋብሪካ ፈረቃ ነው የምሠራው። ሰርቪሱ ማንንም አይጠብቅም። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ሥራው አቅቷቸው አይደለም፣ ጠዋት መነሳት አቅቷቸው በወሩ ይሰናበታሉ። ቤተ ክርስቲያን ካላስለመደች ማን ያስለምድ?

የሸዋ በር ልጅ፦ ይኸው! ደግሞ ስግደት በቁጥር መስጠት አዲስ ነገር አስመሰላችሁት። የስቅለት ዕለት ማታ ካህኑ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል ጠብጥቦ «ይህን ያህል ስገድ» ሲል ማን አኮረፈ?

ዲያቆኑ፦ ስቅለትን ካነሳህ ልመልስልህ። ያን ቀን ሽማግሌውም፣ ሀብታሙም፣ ካህኑም ይሰግዳል። በመስኮት የሚያይ የለም። ቀኖናም ቢሆን የንስሐ አባት ዕድሜህንና አቅምህን አይቶ፣ አንተ ኃጢአትህን ነግረኸው፣ ለብቻህ የሚሰጥህ ነው። የበር አስተማሪ የማንም የንስሐ አባት አይደለም።

ዋናውን ደግሞ ሁላችሁም ዘለላችሁት። ቀኑ እሁድ ነው! በእሁድ እየተቆጠረ የሚሰገድ የንስሐ ስግደት የለም፤ ትንሣኤውን የምናስብበት ቀን ነውና። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በእሁድና በበዓለ ሃምሳ ቆመን እንድንጸልይ ደንግጓል። ልጁ ሩብ ሰዓት አረፈደ፤ አስተማሪው ሥርዓት አፈረሰ። ማን ይቀጣ?

ሥርዓት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ ሲባልጉ እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው ቤቱ የጠፋው። ግን አፍንጫችን ሥር ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አስቡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር የተማሩት እዚያ ነው። በገዳም መምህሩ ራሱም ይሰግዳል እንጂ ቆሞ አይቆጥርም።

ጎረቤት፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ወሎ ነን፣ ዝም አልልም። የኛም መድረሳ ያው ነው። የልጄ ኡስታዝ ልምጩን ትቶ ቀድሞ ለሚመጣ ልጅ ቴምር መስጠት ጀመረ። አሁን ልጄ ሳልቀሰቅሰው ጫማውን ሲፈልግ አገኘዋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ቴምሩ ያለቀ ቀንስ?

ጎረቤት፦ ኢንሻአላህ እስከዚያ ይለምደዋል 😄

ሕግ አዋቂ፦ በአጭሩ፦ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን ማንገላታትን ይከለክላል፤ ለመልካም አስተዳደግ የሚሰጥ ሕጋዊ ተግሣጽን ግን አይነካም። 41 ስግደት ከየትኛው ይመደባል ብትሉኝ ጠበቆች ራሳቸው ይጣሉበታል። ከሕጉ ይልቅ የዲያቆኑ ነገር ያስኬዳል።

አጎት፦ አሁን ልጁን ራሱን ጠየቅሁት። የሚገርም ነው፣ ስግደቱ አላናደደውም። «ስሰግድ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። ያናደደው አስተማሪው ራሱ ባለፈው ሳምንት ሃያ ደቂቃ አርፍዶ መጥቶ፣ ምንም ሳይል ማስተማሩን መጀመሩ ነው።

የሆጤ እናት፦ አላልኩም?

የሸዋ በር ልጅ፦ እንዲያማ ከሆነ እሱም ይስገዳ! ፊታቸው፣ እሁድ ጠዋት።

ዲያቆኑ፦ በእሁድ አይሰገድም ብያለሁ እኮ! ሰኞ ይምጣ።