«ከድሮው ይርቃል» በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?

ግራ የገባው፦
ሰላም ሰዎች። እንግሊዝኛ ማንበቡ አያስቸግረኝም። ስጽፍ ግን ርቀትና ጊዜ ማወዳደር ላይ ስደርስ እጄ ይታሰራል። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን ቢሮ ሊቀይር ነው፤ ውጭ አገር ሆኖ አብሮን የሚሠራ ባልደረባ «አዲሱ ቢሮ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በሆዴ «ከድሮው ይርቃል» አልኩና እሱኑ ቃል በቃል ገልብጬ «ኢት ኢዝ ፋር ፍሮም ዚ ኦልድ ኦፊስ» ብዬ ላክሁለት። ሰውዬው ደንግጦ «ታዲያ ዕቃውን ማጓጓዝ ስንት ቀን ሊፈጅባችሁ ነው?» አለኝ። ሁለቱ ቢሮዎች እኮ በእግር 10 ደቂቃ ቢለያዩ ነው! ማለት የፈለግሁት ከቤቴ ስነሳ አዲሱ ይብስብኛል ነው። ከዚያ «ፋር» የሚለው ይሆናል የተበላሸው ብዬ «ሞር ፋር» አልኩት። ዝም አለኝ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ የሳትከው «ፋር» ላይ አይደለም፣ «ከ» ላይ ነው። የእኛ «ከ» ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራለች። «ከቤት ወጣሁ» ስትል መነሻ ናት። «ከወንድሙ ይረዝማል» ስትል ማወዳደሪያ ናት። «ይረዝማል» ላይ ማንም አይሳሳትም፣ ከወንድሙ ተነስቶ ቁመት የሚለካ የለምና። «ይርቃል» ሲመጣ ግን ሁለቱም ያስኬዳሉ። «አዲሱ ቢሮ ከድሮው ይርቃል» ካልከኝ፣ በመካከላቸው ብዙ መንገድ አለ ማለትህ ይሁን ወይስ ከሌላ ቦታ ስትነሳ አዲሱ ይብሳል ማለትህ፣ ከቃሉ ብቻ መለየት አልችልም። በአማርኛ ስናወራ ሰሚው ከወሬው አያያዝ ይረዳዋል።

እንግሊዝኛው ይህን ለሰሚ አይተውም። መነሻ ከሆነ «ፋር ፍሮም» ነው። ማወዳደሪያ ከሆነ «ፋርዘር ዛን» ነው። ሁለቱንም ከፈለግህ ሁለቱም ይገባሉ፦ «ዘ ኒው ኦፊስ ኢዝ ፋርዘር ፍሮም ማይ ሃውስ ዛን ዚ ኦልድ ዋን»። «ፍሮም» ቤትህን ይዟል፣ «ዛን» የድሮውን ቢሮ ይዟል። አንተ «ዛን» በሚገባበት ቦታ «ፍሮም» ስላስገባህ ሰውየው የመነሻው ቦታ የድሮው ቢሮ መሰለው።

«ሞር ፋር»ን ተወው። እንዲህ ያሉ አጫጭር ቃላት ማወዳደሪያቸውን ጭራቸው ላይ ነው የሚቀጥሉት፦ «ሱን»፣ «ሱነር»፤ «ሌት»፣ «ሌተር»። «ፋር» ትንሽ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ እሱም ያው ነው። «ሞር ፋርዘር» የሚሉም አሉ፣ ያ በኮፍያ ላይ ኮፍያ ነው።

ሌሊት አንባቢ፦
መምህር፣ «ፋርዘር» ነው ወይስ «ፈርዘር»? እኔ ስማር ለሚረገጥ መንገድ «ፋርዘር»፣ ለሐሳብ «ፈርዘር» ተብዬ ነው። አንድ አለቃዬ በዚህ ቃል ምክንያት ሪፖርቴን በቀይ ቀባልኝ።

ቃል ቆጣሪ፦
እኔ ልመልስ። የተማርከው የአሜሪካ የአጻጻፍ መመሪያዎች የሚወዱት ክፍፍል ነው። እንግሊዞቹ ግን ለእግር መንገድም «ፈርዘር» ይላሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። ደግሞ በዕድሜ ከሄድን «ፈርዘር» ነው የሚቀድመው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ የነበረ ቃል ነው። «ፋርዘር» በኋላ በመካከለኛው ዘመን ከእሱ የተገነጠለ ነው። የማይነካው አንድ ነገር አለ፦ «ተጨማሪ» ማለት ስትፈልግ ሁሌም «ፈርዘር» ነው፣ «ፈርዘር ኢንፎርሜሽን» እንደሚባለው። ስለዚህ ከተጠራጠርክ «ፈርዘር» ብለህ እለፍ። ለአሜሪካዊ አለቃ ካልጻፍክ በቀር አያስቀጣህም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፣ «ቬሪ ፋርዘር» የሚሉት። ጥፋቱ ከ«በጣም» ነው። እኛ «በጣም ሩቅ ነው» እንላለን፣ «ከዚያኛው በጣም ይርቃል»ም እንላለን፣ አንዷ «በጣም» ለሁለቱም ትበቃለች። እንግሊዝኛው «ቬሪ»ን ለብቻው ለቆመ «ፋር» ይሰጠዋል። ማወዳደሪያ ከሆነ «ማች ፋርዘር» ወይ «ኤ ሎት ፋርዘር» ነው፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ «ኤ ቢት ፋርዘር»። ልክ ሲኖርህ ልኩን ፊት ታስቀምጣለህ፦ «ቱ ኪሎሜትርስ ፋርዘር»፣ «ቴን ሚኒትስ ኧርሊየር»። «በ2 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ስለምንል «ባይ» ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ቢገባም አይከፋም፣ ግን ዓረፍተ ነገሩን ያከብደዋል።

ግራ የገባው፦
ቤቱ ሞቀ! መምህር፣ ከቤቴና ከቢሮው ጣጣ ወጣሁ፣ እርስዎን አመሰግናለሁ። ጊዜስ? «ከ2 ሰዓት በኋላ» ስል አንዴ «አፍተር»፣ አንዴ «ሌተር»፣ አንዴ «ኢን» እላለሁ። እንደ ዕድሌ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ጊዜ ላይም ያችው «ከ» ናት የምታስቸግርህ። ከየት ቆመህ ነው የምትቆጥረው? ከአሁን ነው ወይስ ከሌላ ቀን? አማርኛችን በ«በፊት» እና በ«በኋላ» ሁለቱንም ይሸፍናል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል።

ተማሪዎቼን የማስፈትናቸው እንዲህ ነበር። ዓረፍተ ነገርህ ውስጥ «ከዛሬ» ወይም «ከአሁን» አስገባ። ከተስማማ፣ ላለፈው «አጎ»፣ ለሚመጣው «ኢን» ነው። «ከዛሬ 3 ዓመት በፊት ተመረቅሁ»፣ «ስሪ ይርስ አጎ»። «ከአሁን 2 ሰዓት በኋላ እደውላለሁ»፣ «ኢን ቱ አወርስ»። «ከዛሬ» አልገባም ብሎህ «ከዚያ» ከገባ ደግሞ «ኧርሊየር» ወይም «ቢፎር»፣ ለወደፊቱ «ሌተር»። «ሰኞ ደወለች፤ ከዚያ 2 ቀን በኋላ መጣች»፣ «ቱ ዴይስ ሌተር»። እዚህ «ኢን ቱ ዴይስ» ብትል፣ በ2 ቀን ውስጥ ደረሰች ያልክ ይመስላል።

«አፍተር»ን ከኋላው ነገር ስታገኝለት ተጠቀምበት፣ «ከምሳ በኋላ» ወይም «ከስብሰባው በኋላ» ስትል። ስህተት ባይሆንም፣ ለቀጠሮ «አፍተር ቱ አወርስ» ብሎ መጻፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ ይከብዳል።

ሰነፍ ተማሪ፦
እኔ በዚህ ዓይነት ነገር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ሥራ ስጡኝ ብዬ የወሰድኩት ጽሑፍ ላይ «ኖ ሌተር ዛን ፍራይዴይ» የሚል ነበር። እኔ «ኖ» እና «ፍራይዴይ» አብረው ሳይ ዓርብ አይቻልም ማለት መሰለኝ። ስሮጥ አድሬ ሐሙስ ግማሹን ሳልጨርስ ላክሁ። ለካ «ቢዘገይ ቢዘገይ ዓርብ» ማለት ነው፣ ዓርብ ራሱ ይቆጠራል! ዓርብን የሚያስወጣው «ቢፎር ፍራይዴይ» ነው። «ባይ ፍራይዴይ» ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ ዓርብን ይጨምራል።

ሌላ ደግሞ፣ «ፋር» ደረቅ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻውን ሲቆም አይመችም። «ሩቅ ነው ወይ?» ሲባል «ፋር» ይገባል። «ሩቅ አይደለም» ላይም ይገባል። «አዎ፣ ሩቅ ነው» ስትል ግን «ኤ ሎንግ ዌይ» ነው የሚሉት። «ሎንግ»ም ጠባዩ ያው ነው። «ብዙ አልጠበቅሁም» ላይ «ሎንግ» ብቻውን ይበቃል፣ «ብዙ ጠበቅሁ» ስትል ግን «ኤ ሎንግ ታይም» ይሆናል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጆሮ ነው የሚለምደው።

ሌሊት አንባቢ፦
«አዝ ፋር አዝ»ስ? አንዳንዴ «ያህል» ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ «እስከ»።

ቃል ቆጣሪ፦
ሁለቱም ነው። «እሷ የሄደችውን ያህል ሄድኩ» ካልክ ማወዳደር ነው። «እስከ ድልድዩ ሄድኩ» ካልክም ያው «አዝ ፋር አዝ» ነው፣ ማወዳደር የለበትም፣ ድንበር ነው። ደስ የሚለው እዚህ ላይ አማርኛችን አብሮት መሄዱ ነው። «እኔ እስከማውቀው» የምንለውን እነሱም በ«አዝ ፋር አዝ» ይሉታል፣ እውቀት መንገድ የሆነ ይመስል። «እስካለሁ ድረስ» ደግሞ «አዝ ሎንግ አዝ» ነው። እጥፍ ካስፈለገህ ፊቱ ላይ ጣል፦ «ትዋይስ አዝ ፋር» የዚያን እጥፍ ይርቃል ማለት ነው።

ግራ የገባው፦
እሺ፣ ለባልደረባዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ዘ ኒው ኦፊስ ኢዝ ኤ ቢት ፋርዘር ፍሮም ማይ ሃውስ ዛን ዚ ኦልድ ዋን። ዊ ዊል ሙቭ አፍተር ቱ ዊክስ።» እንዴት ነው?

ጡረተኛ መምህር፦
የመጀመሪያው አሥር ከአሥር ነው። ሁለተኛው ላይ «ከዛሬ» አስገባበትና እየው።

ግራ የገባው፦
«ከዛሬ 2 ሳምንት በኋላ»። ወይኔ፣ «ኢን ቱ ዊክስ»። መምህር፣ ልኬዋለሁ እኮ።