የኢሜይል ሊንኮችን በኤችቲቲፒኤስ ማሳለፍ፦ 421 የሚባል የስህተት ኮድ ላይ ቆሜያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። በምንልካቸው ኢሜይሎች ውስጥ ያሉት ሊንኮች፣ ስንት ሰው እንደነካቸው ለመቁጠር፣ በራሳችን ንዑስ ዶሜይን በኩል ያልፋሉ። ንዑስ ዶሜይኑ በሲኔም (አንድን ስም ወደ ሌላ ስም በሚመራ የዲኤንኤስ መዝገብ) ወደ ኢሜይል ላኪው አገልግሎት ያመለክት ነበር፤ አገልግሎቱ ግን በእኛ ስም የወጣ ሰርተፍኬት (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል) ስለሌለው ብራውዘሩ ስሙ አይመሳሰልም ብሎ ያግዳል። ምስጠራ በሌለው ኤችቲቲፒ መተውም አይቻልም፤ ዋናው ዶሜይን ላይ ኤችኤስቲኤስ (ብራውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲገናኝ የሚያስገድድ ቅንብር) ንዑስ ዶሜይኖችን ጨምሮ በርቷል።

ስለዚህ ሲኔሙን አንስቼ በኤ ሬከርድ (ስምን ከአይፒ አድራሻ ጋር በሚያገናኝ መዝገብ) ወደ ራሳችን ሰርቨር አዞርኩት፤ ጥያቄዎችን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ ኤንጂንኤክስን መሀል አስገብቼ በሰርትቦት ፕሮግራም የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት አወጣሁ። አንዳንድ ስልኮች ላይ ብቻ እምቢ ያለው መካከለኛው ሰርተፍኬት (የእኛን ብራውዘሩ ከሚያምነው ጋር የሚያያይዘው) ስላልተላከ ነበር፤ ሁለቱንም የያዘውን የፉልቼይን ፋይል ስተካበት ተፈታ።

የቀረው ከኤንጂንኤክስ ወደ አገልግሎቱ ያለው መንገድ ነው። የሆስት ሄደሩን (በጥያቄው ውስጥ የተፈለገውን ሳይት ስም የሚናገረውን መስመር) ካልነካሁት የአገልግሎቱን ስም ይዞ ይሄድና 404 (አልተገኘም) ይመለሳል። የእኛን ንዑስ ዶሜይን ስሰጠው፣ ኤስኤንአዩ (የምስጠራው ግንኙነት ሲጀመር የሚላከው የሳይት ስም) የእነሱ ስም ስለሆነ፣ 421 (ጥያቄው ወደማይመለከተው ሰርቨር መጥቷል) ይመጣል። ኤስኤንአዩንም የእኛ ሳደርገው ሃንድሼኩ (የምስጠራው ግንኙነት መክፈቻ) ይቋረጥና 502 (ከኋላ ካለው ሰርቨር ትክክለኛ መልስ አልመጣም) ይሆናል። በፖርት 80፣ ማለትም ያለ ምስጠራ፣ ሲላክ ይሠራል፤ ነገር ግን ከሊንኮቹ መሀል የይለፍ ቃል መቀየሪያ አለ፣ ቶከኑ (ሊንኩ ውስጥ ያለው የሚስጥር ኮድ) ሳይመሰጠር እንዲያልፍ በፍጹም አልፈልግም። ለጊዜው ለእነዚያ ኢሜይሎች ቆጠራውን አጥፍቻለሁ።

ሆስቱና ኤስኤንአዩ ሲለያዩ 421 የሚመልስን ሰርቨር በኤንጂንኤክስ ማለፍ የቻለ አለ? ወይስ አገልግሎቱ ራሱ በስማችን ሰርተፍኬት እንዲያወጣ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም?