የሠራሁት የባጃጅ መከታተያ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ባጃጁ ላይ ስገጥመው ግን ይጠፋል

ፋሲል_ሰርኪት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነኝ። የታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ከፒያሳ አዘዞ ነው የሚሠራው። ሌላ ሹፌር ይዞት ሲወጣ የት እንዳለ ማወቅ ስለፈለገ መከታተያ ልሥራለት ብዬ ተነሣሁ። ሲም800ኤል (በሲም ካርድ ሜሴጅ የሚልክ ሞጁል)፣ አንድ ጂፒኤስ ሞጁል፣ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለርና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 4 የሚያወርድ ኤልኤም2596 ሬጉሌተር ነው ያለው። ቦርዱን በኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) ነድፌ፣ በሌዘር ፕሪንተር አትሜ፣ በካውያ ተኩሼ፣ በፌሪክ ክሎራይድ አጥቤ ነው ያወጣሁት። ባለ አንድ ገጽ ነው።

ቤት ውስጥ ምንም አይለውም። ባጃጁ ላይ ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲነካ ሁሉም ነገር ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ሜሴጅ ሊልክ ሲል ደግሞ ሲም800ው ራሱን ያጠፋል። ጂፒኤሱ ዳሽቦርድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድም ሳተላይት አላገኘም። በሁለተኛው ሳምንት ኤልኤም2596ው ተቃጠለ። ቀይሬዋለሁ፣ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ሌላ ማቃጠል አልፈልግም። ያለኝ ቴስተር ብቻ ነው፤ ስለካው 4 ቮልት ያሳያል።

ካንዴላ12፦

ወንድሜ፣ ቴስተሩ አይደርስበትም። ሲም800 በ2ጂ ሲልክ ከረንቱን እኩል ሳያቋርጥ አይስብም፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ለ577 ማይክሮሰከንድ እስከ 2 አምፒር ይስባል። ቴስተር የሚያሳይህ አማካዩን ነው። ከሬጉሌተሩ ወደ ሲም800ው የሚሄደው መስመር ወርዱና ርዝመቱ ስንት ነው? 12 ቮልቱንስ ከየት ነው የወሰድከው?

ፋሲል_ሰርኪት፦

ወርዱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 7 ሳንቲ። ግራውንዱም (የከረንቱ መመለሻ መስመር) ያው ነው። 12ቱን ከክላክሱ ገመድ ላይ ነው የቀጠልኩት፣ ቅርብ ስለሆነ።

ካንዴላ12፦

በል እንግዲህ አብረን እናስላው። መደበኛው መዳብ 35 ማይክሮን ነው። በዚያ ውፍረት የአንተ መስመር ወደ 0.14 ኦም ይመጣል። 2 አምፒር ሲያልፍበት 0.28 ቮልት ይበላል። የሄደ ከረንት ደግሞ መመለስ አለበት፤ ግራውንድህም ያንኑ ያህል ይበላል። ተደምሮ ከ0.5 ቮልት በላይ ነው። ከ4 ቮልት ስትጀምር ሞጁሉ ጋ የሚደርሰው 3.44 ነው፣ ዝቅተኛው ልክ ደግሞ 3.4። ሬጉሌተሩ ራሱ ትንሽ ሲወርድ አለቀ። ጠረጴዛ ላይ የተረፍከው ሲግናሉ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ሞጁሉ ኔትወርክ ሲደክምበት ነው ጉልበቱን ሁሉ የሚያወጣው።

መፍትሔው ሁለት ገጽ ነው። የታችኛውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ግራውንድ አድርገው፣ አትቆራርጠው። የኃይሉን መስመር 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ አስፋው። ሞጁሉ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከጎኑ ትንሽ ሴራሚክ። ወደ ጂኤስኤም አንቴናው የሚሄደው መስመር አጭር ይሁን፤ በ1.6 ሚሊ ሜትር ኤፍአር-4 (የተለመደው የመስታወት ክር ቦርድ) ላይ፣ ከሥሩ ግራውንድ ካለ፣ አንቴናው የሚፈልገውን 50 ኦም ለማግኘት ወርዱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የጂፒኤስ ምልክት ደግሞ እጅግ ደካማ ነው። አንተ ከጎኑ እስከ 2 ዋት የሚረጭ አንቴና አስቀምጠህበታል፣ በዚያ ላይ በብረት ሸፍነኸዋል። አውጣው። የባጃጅ ጣሪያ ሸራ ነው፤ ከሸራው ሥር ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገህ ብታስረው ይበቃዋል።

የጋራዥ_ልጅ፦

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው፣ ማራኪ አካባቢ። ከክላክስ መቀጠሉን ተወው። ገመዱን ቀጥታ ከባትሪ አምጣ፣ ባትሪው አጠገብ 2 አምፒር ፊውዝ አድርግበት። የተቃጠለው ነገር አይገርመኝም። ሞተር እየሠራ የባትሪ ክላምፕ ከላላ የሚመነጨው ኃይል የሚያርፍበት ያጣና ቮልቴጁ ይዘላል። ብዙ ሬዲዮ እንዲህ ሲሞት አይቻለሁ። መጀመሪያ የወንድምህን ክላምፕ በእጅህ ነቅንቀው።

ካንዴላ12፦

ልክ ነው። የመኪና ዕቃ ሠሪዎች አይኤስኦ 16750-2 በሚባለው መስፈርት ይህንኑ ይፈትሻሉ፤ መከላከያ በሌለው ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ እስከ 101 ቮልት ይወስዱታል። ኤልኤም2596 ደግሞ የሚችለው 40 ነው። መግቢያው ላይ 22 ቮልት የተባለውን ቲቪኤስ ዳዮድ (የዘለለ ቮልቴጅ የሚቆርጥ) አድርግ፣ 35.5 ላይ ይይዘዋል። ከእሱ ቀጥሎ ሾትኪ ዳዮድ፣ ከዚያ 2200 ማይክሮፋራድ። ሞተሪኖው ሲነካ ባትሪው ለጥቂት ሚሊሰከንድ በጣም ይወርዳል፤ ሾትኪው ከረንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል፣ ካፓሲተሩ ያሻግርሃል። ትልልቆቹን ካፓሲተሮች አስተኝተህ በሲሊኮን አጣብቃቸው። ኮብልስቶን ላይ እግራቸው ይሰበራል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦርዱን ቫርኒሽ ቀባው።

ትዕግሥት_ኤሌክትሮ፦

ተማሪ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም የኤሌክትሪክ ነው የሚያወራው። ይህ ዲዛይን የኤሌክትሪክ ባጃጅ ላይ ይሠራል? ደግሞ አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለውን ራዳርስ በዚህ ዓይነት ቦርድ መሥራት ይቻላል?

ካንዴላ12፦

እንኳን ጠየቅሽ። ባለ 72 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 84 ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ሬጉሌተር ያኔውኑ ይሞታል። ከ100 ቮልት በላይ የሚችል ፈልጊ፣ ቲቪኤሱም ይቀየራል። የሞተር መቆጣጠሪያው ገመዶችም ይረብሻሉና አንቴናውን ከነሱ አርቂ።

ራዳሩ ሌላ ዓለም ነው። ከ76 እስከ 81 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው። እዚያ አንድ ሙሉ ሞገድ በአየር ላይ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ቦርድ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። በካውያ የተኮስነው መስመር የሚያስቀረው ትንሽ ጥርስ እዚያ ትልቅ ስሕተት ነው። ኤፍአር-4 ራሱ ምልክቱን ይበላዋል፣ የመስታወት ክሩም በየቦታው እኩል አይደለም። ለዚህ ነው እንደ ሮጀርስ አርኦ3003 ያለ ቁስ የሚጠቀሙት፤ ብክነቱ ከኤፍአር-4 ወደ 20 ጊዜ ያህል ያንሳል። ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ላይኛውን ገጽ ብቻ በእሱ ሠርተው የቀረውን በኤፍአር-4 ይሞሉታል። አንቺ ግን ከ2.4 ጊጋኸርዝ ጀምሪ። እዚያ የተማርሽው የግራውንድ ነገር 77 ጊጋኸርዝ ላይም ያው ነው።

ፋሲል_ሰርኪት፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ክላምፑ በእጅ ይዞር ነበር፣ ጠብቋል። ቦርዱን በሁለት ገጽ እንደገና አወጣሁት፤ የላይኛውንና የታችኛውን ቀዳዳ ለማገጣጠም ሦስቴ ማበላሸት ነበረብኝ፣ በመጨረሻ አራቱን ጥግ ቀድሜ በስቼ በመርፌ ያዝኩት። ትናንት ወንድሜ ከአዘዞ ሲመለስ ሞተሩን ስምንቴ አጥፍቶ አስነሣልኝ፣ አንዴም አልጠፋም። ጂፒኤሱ ከሸራው ሥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቦታውን ይዟል። የኪካዱን ፋይል ለምትፈልጉ እልካለሁ። ትዕግሥት፣ ቲቪኤስ ሁለት ተርፎኛል፣ ጎንደር ከሆንሽ አንዱን ውሰጂ።