የ1965 ቮልስዋገን፦ የኋላ ሰስፔንሽንና ፍሬን ሲታሰር የትኛው ይቀድማል?

ባለ ሰማያዊ ቮልስ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአባቴ የተረከብኳት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን ቦዲዋ ወርዶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ፒያሳ፣ ግቢያችን ውስጥ በመገጣጠም ላይ ትገኛለች። ሞተሯና ካምቢዮዋ ቦታቸው ገብተዋል፤ ለቀለሙ ሲባል ወጥተው የነበሩት የኋላ ቶርሽን ባሮችም (እየተጠመዘዙ እንደ ሞላ የሚሠሩት ዘንጎች) ተመልሰዋል። ሆኖም በጎማዋ ስትቆም የግራው ጎን በዓይን በሚታይ መጠን ዝቅ ይላል። በተጨማሪም የቀኙ የፍሬን ሸራ በካምቢዮ ዘይት ርሶ አግኝቼዋለሁ። ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) መቀየር ብቻ ይበቃል? ከሁለቱ ሥራዎችስ የትኛውን ላስቀድም?

ነባር መካኒክ፦
ሰስፔንሽኑን ሳይጨርሱ ፍሬኑን አይንኩ። ከፍታውን ለማስተካከል ሾክ አብዞርበሩ መፈታት፣ የሴሚያሱም (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ቱቦ ከቶርሽን ባሩ ጫፍ ላይ ከሚገጠመው የብረት ክንድ መላቀቅ ስላለበት፣ የፍሬን መስመሩ አስቀድሞ ታስሮ ከሆነ ያንኑ ሥራ መድገም ይመጣል።

በመጀመሪያ የባሮቹን ጫፍ ይመልከቱ። የግራውና የቀኙ በፋብሪካ በተለያየ አቅጣጫ ተጠምዝዘው የተዘጋጁ በመሆናቸው ጎናቸውን የሚያሳይ የላቲን ፊደል ተመትቶባቸዋል፤ ተቀያይረው ከገቡ ይደክማሉ፣ ሊሰበሩም ይችላሉ። ፊደሉ ትክክል ከሆነ የቀረው የጥርስ ቆጠራ ነው። የባሩ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭው ደግሞ 44 ጥርስ ስላለው፣ ውስጡን በአንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ፣ ክንዱን በውጭው ጫፍ ላይ በአንድ ጥርስ ማዞር 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ገደማ ይለውጣል። ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ አንድ ጥርስ ቢያዞሯቸው ግን ለውጡ 50 ደቂቃ (ከአንድ ዲግሪ በታች) ብቻ ይሆናል፤ ጥሩ ማስተካከያ የሚገኘው ከዚህ ነው። ክንዱ ያለ ሸክም ተንጠልጥሎ ሳለ የማዕዘን መለኪያ ያለው ውሃ ልክ መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎም በበሩ ሥር ባለው የቦዲ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ልዩነቱን ያስሉ፤ ወለሉ ዘንበል ያለ ቢሆንም አያሳስትዎትም። ግራና ቀኙ አንድ ቁጥር መስጠት አለባቸው።

ክንዱን ወደ ማረፊያው ሲመልሱ ክሪኩ መኪናዋን ራሷን ማንሣት ስለሚጀምር፣ የክሪኩን እግር ከሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ማሰሪያ ጋር በሰንሰለት ያያይዙት። ባሩ ብዙ ኃይል ታምቆበታልና ማንም ሰው በክንዱ አቅጣጫ እንዳይቆም እለምንዎታለሁ።

የሶማሌ ተራ ልጅ፦
ስለ ዘይቱ ልጨምር። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን የብረት ቀለበት አውጥተው ጥፍርዎን ላዩ ላይ ይሳቡት፤ ጥፍርዎ ቦይ ውስጥ ከገባ አዲስ ፓራኦሊዮ ብቻውን አያዘልቅም፤ ቀለበቱም መቀየር አለበት። የካምቢዮው ዘይት ከልኩ በላይ እንዳልተሞላም ያረጋግጡ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ የሁለቱንም ጎማ ሸራ አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ሸራው የሚጫነው የፍሬን ታምቡር ቶርኖ ቤት ከሄደም ሁለቱ እኩል ይላጩ።

ታምቡሩን ከሴሚያሱ ጋር የሚይዘውን ትልቁን ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ በቸልታ አያስሩት። የሚፈለገው 300 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ 30 ኪሎ ግራም እንደማንጠልጠል ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚከለክለው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቀው ያግኙት እንጂ ወደ ኋላ አያላሉት። ዳዶው ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ተበልቶ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ቢጮኽም ጎማው አይዞርም።

ባለ ሰማያዊ ቮልስ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሶማሌ ተራውንም ወንድሜን አመሰግናለሁ። ባሮቹ በየጎናቸው ናቸው፤ የተሳሳተው የግራው የውጭ ጥርስ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቱቦው ከክንዱ ጋር በሚታሰርበት ሞላላ ቀዳዳ ላይ የነበረውን የመሮ ምልክት ቀለም ሸፍኖታል።

ነባር መካኒክ፦
ቀለሙን በጥንቃቄ ፍቀው ምልክቱን ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ቡሎኖቹን ከቀዳዳው መካከል አስረው የጎማ አቅጣጫ በመሣሪያ ወደሚያስተካክል ቤት ይውሰዷት፤ የኋላው አቅጣጫ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን ሞዴል አራቱም ጎማዎች በአንድ የዘይት መስመር የተያያዙ በመሆናቸው በአንዱ ጎማ ላይ የሚፈስ ሲሊንደር ፔዳሉን እስከ ወለል ያወርደዋል። ስለዚህ የኋላ ሲሊንደሮችንና የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች በአዲስ ይተኩ። ሸራውን ታምቡሩን ነካ እስኪያደርግ አስጠግተው ጥቂት መልሱት፤ አየሩን ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀምረው ያውጡ፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ መጨረሻ ላይ ይወጥሩ። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ከመውረድዎ በፊት በሜዳ ላይ በዝግታ ደጋግመው ይሞክሯት፤ ከዚያም ታምቡሮቹን በእጅዎ ዳስሱ፤ ከግራና ከቀኙ አንዱ በጣም ከጋለ ሸራው ታምቡሩን እየፈተገ ነው።