ክፍል ውስጥ መሰልቸት፦ ምን ላድርግ? (9ኛ ክፍል፣ ባሕር ዳር፣ የከሰዓት ፈረቃ)

ጥያቄ፦ ደንገል
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የከሰዓት ፈረቃ። 6፡30 እንገባለን፤ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ አለን፤ አንዱ 40 ደቂቃ ነው። ችግሬ መሰልቸት ነው። ሒሳብ ላይ ብዙም አይብስብኝም። ታሪክና ባዮሎጂ ላይ ግን መምህራኑ ሰሌዳ ላይ ኖት መጻፍ ሲጀምሩ ትንሽ እንደቆየሁ ሐሳቤ ይሄዳል፤ እጄ ይገለብጣል፤ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ፊዚክስ ደግሞ ቀመር ብቻ ሆኖብኛል። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው እንቅልፍም ይጨመርበታል። እስከ 8ኛ ክፍል እንዲህ አልነበርኩም። ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነው የምቀመጠው፤ በዴስክ ሦስት ነን። ጊዜ ማሳለፊያ ጨዋታ አይደለም የምፈልገው፤ ትምህርቱን መከታተል ነው።

መልስ፦ ጥቁር ሰሌዳ (የፊዚክስ መምህር)
ተማሪ ሰለቸኝ ሲል ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ትምህርቱ ከብዶታል፣ ወይ ቀሎታል፣ ወይ እጁ ብቻ እየሠራ አእምሮው ሥራ ፈትቷል። ለሦስቱም አንድ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የደብተርሽ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰለቸሽን ክፍለ ጊዜና ያኔ የነበረውን ርዕስ ጻፊ፤ ጎኑ ላይ «ከበደኝ»፣ «ቀለለኝ» ወይም «ስገለብጥ» በይ። ዓርብ ማታ ስትቆጥሪው የትኛው እንደሚበዛ ይታይሻል።

«እስከ 8ኛ እንዲህ አልነበርኩም» ማለትሽ ግን ወደ «ከበደኝ» ያደላብኛል። 9ኛ ክፍል ላይ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስትና አራት ቃል ካመለጠ ጆሮ መከተሉን ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሜት መሰልቸት ይመስላል እንጂ ሥሩ አለመረዳት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ «ሰነፍ ሆንኩ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና።

የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንሽ ጠዋቱ ያንቺ ነው። በቀን ሁለት ትምህርት ብቻ ምረጪ፤ በጣም የሚሰለቹሽን። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ስጪ። የዕለቱን ርዕስ ከመጽሐፉ አውጪና ንዑስ ርዕሶቹን፣ የሥዕሎቹን መግለጫና ደምቀው የተጻፉትን ቃላት ብቻ እዪ። ከእነሱ ከ6 እስከ 8 ቃል መርጠሽ የአማርኛ ፍቺያቸውን በአንድ መስመር ጻፊ። ርዕሱ ሴል ከሆነ፦ ሴል ሜምብሬን፣ ሳይቶፕላዝም፣ ኑክለስ፣ ማይቶኮንድሪያ። «ማይቶኮንድሪያ፦ ከምግብ የሚገኘውን ኃይል ሴሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ የሚቀይር የሴል ክፍል» ያህል ይበቃል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ቃሉን በጠሩ ቁጥር ጎኑ ላይ ጭረት አድርጊ። ጆሮሽ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።

ይህ ዘዴ የሚበላሸው ቃሉን በማብዛት ነው። 30 ቃል የሚያወጣ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ሌላው ስህተት ፍቺውን ከስልክ መዝገበ ቃላት እንዳለ መገልበጥ ነው፤ አንዳንድ ቃል በተለመደው ንግግር ሌላ፣ በሳይንስ ሌላ ፍቺ አለው። መጽሐፉ ራሱ የሰጠውን ትርጉም ተከተዪ።

መልስ፦ ጣና ዳር (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)
መምህር ያሉት ትክክል ነው። እኔ ኖት መገልበጡ ላይ ልጨምር።

ቃል በቃል እያዩ መገልበጥ ነው ገዳዩ። ዓይን ሰሌዳ፣ እጅ ደብተር፣ መሐል ላይ ምንም የለም። እንዲህ አድርጊ፦ ከሰሌዳው ከ5 እስከ 7 ቃል ያለው ሐረግ በአንዴ አንብቢ፣ ዓይንሽን ወደ ደብተር መልሺ፣ ሰሌዳውን ሳታዪ ጻፊ። ለመጻፍ በአእምሮሽ መያዝ ግድ ስለሚልሽ ትርጉሙ አብሮ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ትዘገያለሽ፤ ስትለምጂው አንገትሽን የምታነሺበት ጊዜ ስለሚቀንስ ከድሮው ትፈጥኛለሽ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመያዝ አትሞክሪ፤ መሐሉ ይጠፋና ተመልሰሽ ስትፈልጊ ሰሌዳው ይጠፋል።

ገጹን ደግሞ ቀድመሽ አስምሪው። ከግራ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከታች 5 መስመር ተይ። ኖቱ በሰፊው በቀኝ በኩል ይሄዳል። በግራ ጠባቡ ላይ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ጥያቄ ትጽፊያለሽ፤ ከታች ባለው 5 መስመር ደግሞ ደወል ከመደወሉ በፊት በራስሽ ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ትምህርቱን ታሳጥሪዋለሽ። የግራው ጥያቄ በኋላ ለፈተና ጥናት ይሆናል፦ ቀኙን በወረቀት ሸፍነሽ ግራውን እያየሽ መመለስ ነው። ይህ አገጻጸፍ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ፓውክ ያስተዋወቀው ነው፤ ለማንኛውም የንባብ ትምህርት ይሠራል።

ታሪክ ላይ ግን እኔ የምመርጠው ሦስት ዓምድ ነው፦ ምክንያት፣ ክስተት፣ ውጤት። ለምሳሌ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በ1622 በይፋ ተቀበሉ (በአውሮፓ አቆጣጠር)፤ ይህ ክስተት ነው። አመፅና ደም መፋሰስ ተከተለ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ይህ ውጤት ነው። መምህሩ «ምክንያቱን» ገና አልተናገሩም እንበል፤ ባዶው ዓምድ ዓይንሽ ላይ ነው፣ እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ። ዓመተ ምሕረት ብቻውን የሚሰለቸው ከምንም ጋር ስላልታሰረ ነው።

መልስ፦ ነጭ ጋውን (የጤና ባለሙያ)
እህቴ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያለውን እንቅልፍ በዘዴ ብቻ አትወጪውም። ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሰውነት ንቃት በተፈጥሮው ይቀንሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብሳል።

በአንቺ ዕድሜ የሚያስፈልገው እንቅልፍ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ «ጠዋት እተኛለሁ» እያለ ማታ ያመሻል፤ ጠዋት ግን ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ ድምፅ አለ፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። የምትተኚበትና የምትነሺበት ሰዓት ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ አይለዋወጥ። የማታ ቡና ላይ ከቤተሰብ ጋር መቀመጡ ጥሩ ነው፤ ስኒውን ግን ተዪው። ከጠጣሽው ካፌይን ግማሽ ያህሉ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ደም ውስጥ ይኖራል።

ምሳሽን ከመግባትሽ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጊ፤ እስክትጠግቢ ድረስ ሳይሆን መጠን ያለው ይሁን። የቀረውን ለእረፍት አንድ እፍኝ ቆሎ ያዢ። ከመግባትሽ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጪ። የምትጾሚ ከሆነና እስክትገቢ ካልበላሽ፣ ማታ ላይ ሽሮውን ወይ ምስሩን በደንብ ብዪ፤ ውኃውንም ማታ አሟዪ።

ሁለት ነገር ደግሞ በስንፍና አታሳብቢ። ቶሎ መድከም፣ ስትነሺ ማዞርና የዓይን ቆብ ውስጡ መንጣት ካለ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ከምግቡ ብረት እንዳይወሰድ ያደርጋል፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሁን። ድብታው በድንገት ከመጣና ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይ ትኩሳት ካለው ደግሞ ያን ቀን ለወባ ተመርመሪ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር።

መልስ፦ የሽምብጥ እናት
ልጄ፣ ከኋላ ሁለተኛ ነኝ ብለሻል። ሰሌዳው ይታይሻል? አንድ ዓይንሽን በመዳፍሽ ሸፍነሽ አንብቢ፣ ከዚያ በሌላው። አጠገብሽ ያለችው የምታነበውን አንቺ ዓይንሽን አጥብበሽ ብቻ የምታነቢው ከሆነ ዓይንሽን አስመርምሪ። በደንብ የማያይ ልጅ ሲደክመው የሰለቸው ይመስለዋል። ወላጆችሽም ይህን ይወቁት።

መልስ፦ ቀለም
በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት አጠገብ አትቀመጪ፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚገባው በዚያ ነው። በሁለቱም ጎን ያሉት መስኮቶች ይከፈቱ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተከፈተ አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። እንቅልፍ ሲመጣ ተረከዝሽን ከዴስክ ሥር 15 ጊዜ አንሺና መልሺ፤ ማንም አያይሽም። ሰሌዳ የሚያጠፋ ሲፈለግ ቀድመሽ ዳስተሩን አንሺ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ደብተር ጠርዝ ላይ ሥዕል መሣል ተዪ። ትኩረት ይበላል።

መልስ፦ ጥቁር ሰሌዳ
ቀለም፣ መስኮቱና ተረከዙ ጥሩ ምክር ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ልለይ። በ2009 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጃኪ አንድሬድ የተባለች የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 40 ሰዎችን አሰልቺ የስልክ መልእክት አስደመጠች። እያዳመጡ ወረቀት ላይ የታተሙ ቅርጾችን ያጠቆሩት ሰዎች ምንም ካልሠሩት 29 በመቶ የበለጠ አስታወሱ። ቁም ነገሩ የሥዕሉ ዓይነት ላይ ነው። አራት ማዕዘንና ክብ ማጥቆር እጅን ብቻ ይይዛል፤ ፊት መሣልና ስም ማሳመር ግን ማሰብ ይጠይቃል፣ ያኔ አንተ ያልከው ይደርሳል። ይህም መምህሩ ሲያብራሩ እንጂ ኖት ሲጻፍ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ደንገል
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ፊዚክሱስ? ሥራና ኃይል ላይ ነን። ደግሞም ያልገባኝን ለመጠየቅ አፍራለሁ፤ ክፍላችን 60 ተማሪ ነው።

መልስ፦ ጥቁር ሰሌዳ
ቀመሩን የምታውቂው ቦታ ላይ አስቀምጪው። ጢስ ዓባይን ውሰጂ፤ ከፍታውን 40 ሜትር ያህል በዪ። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ነው። ከአፋፉ ላይ ያለው እምቅ ኃይል መጠነ ቁስ (ማስ) ሲባዛ በስበት ፍጥንጥነት ሲባዛ በከፍታ ነው፤ 1 × 9.8 × 40 = 392 ጁል። አየር ባይይዘው ታች ሲደርስ ይህ ሁሉ የእንቅስቃሴ ኃይል ይሆናል። ፍጥነቱ የ2 × 9.8 × 40 ስኩዌር ሩት ነው፤ የ784 ስኩዌር ሩት 28 ይመጣል። 28 ሜትር በሰከንድ ማለት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልት ላይ የሚበር መኪና ማለት ነው። አሁን ለራስሽ ጠይቂ፦ ውኃው በእውነት ይህን ያህል ይፈጥናል? ተበትኖ የሚነሳው ጉም የሚነግርሽ ምንድን ነው?

ቀጥዪ። የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ከጣና ሐይቅ ነው፤ ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ግን ከ300 ሜትር በላይ ነው። 1 × 9.8 × 300 = 2,940 ጁል በሊትር፤ የፏፏቴው 7 ጊዜ ተኩል ማለት ነው። የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተተከለለት ለምን እንደሆነ አሁን በራስሽ ስሌት ታዪዋለሽ። ከፍታ ቀመሩ ውስጥ አንዲት ፊደል ናት፤ እዚህ ግን አገር የሚያበራ መብራት ነች።

በየትምህርቱ አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ለባዮሎጂ፦ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለምን ይንሳፈፋል? ግንዱ ውስጥ አየር የያዘ ስፖንጅ መሰል ሕብረ ሕዋስ አለ። ታዲያ ታንኳው ሲሰነብት ለምን ይከብዳል? አየሩ በነበረበት ውኃ ስለሚገባ። ለጂኦግራፊ፦ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት እያለው ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ይህ ለትነቱ ምን ማለት ነው?

ስለ ማፈሩ፦ «አልገባኝም» ብለሽ አትጠይቂ፤ መምህሩ ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። የሚገባሽን ተናግረሽ የተቋረጠበትን ቦታ አሳዪ፦ «መምህር፣ እምቅ ኃይሉ 392 እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስኩዌር ሩቱ ከየት መጣ?» ይህን ጥያቄ ደብተር ላይ ጽፈሽ ማንበብ ትችያለሽ። ክፍል ውስጥ ካልቻልሽ ደወል ሲደወል በር ላይ ያዣቸው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

መልስ፦ ጣና ዳር
«ቀለለኝ» የምትዪው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ይመስለኛል። እዚያ ላይ ከትምህርቱ አንድ የምርጫ ጥያቄ ፍጠሪ፤ አራት ምርጫ ያለው። ትክክለኛውን መጻፍ ቀላል ነው፤ ሥራው ሦስቱን አሳሳች ማድረግ ነው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ሰው በእውነት የሚሳሳተው መሆን አለበት፦ ምልክት የዘነጋ፣ መለኪያ ያልቀየረ፣ ቅደም ተከተል ያዛባ። ዴስክ ላይ ሦስት ስለሆናችሁ በእረፍት ተለዋወጡ፤ በሳምንት 15 ጥያቄ ይጠራቀማል፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተናም መልመጃ ነው።

መልስ፦ የሽምብጥ እናት
ቦታ ለመቀየር ደግሞ የትምህርቱን መምህር ሳይሆን የክፍል ኃላፊያችሁን አነጋግሪ። በእረፍት ሰዓት ለብቻቸው ሲሆኑ ጠብቂ። «መምህር፣ ሰሌዳው ከኋላ ሆኜ አይታየኝም፤ ለሁለት ሳምንት ከፊት ሦስተኛው ዴስክ ላይ ልቀመጥና ልሞክረው» በያቸው። የጊዜ ገደብ ያለው ጥያቄ ቶሎ ይፈቀዳል፤ ቦታሽን የምትለቅልሽን ልጅም ቀድመሽ አግባቢ።