የስዋሂሊ ስልጠናዬን ዕቅድ አግዙኝ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ለእረፍት ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ጋ መጥቼ ነው የምጽፍላችሁ። የመከላከያ መኮንን ነኝ። ለአንድ ዓመት ውጭ ሄጄ ስዋሂሊ እንድማር፣ አካባቢውንም በደንብ እንዳውቅ ተመርጫለሁ። ዕቅዱን ግን ራስህ አውጣ ተባልኩ። እዚህ ላይ ተቸገርኩ።

የምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ጽሕፈት ቤት ናይሮቢ ስለሆነ ለሥራዬ ኬንያ ትቀርባለች። ግን እዚያ እንግሊዝኛ የሚችለው ብዙ ነው፤ ወጣቱም ሸንግ የሚባለውን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት የከተማ አነጋገር ነው የሚያወራው። በእንግሊዝኛ እየተግባባሁ ዓመቱ እንዲያልቅ አልፈልግም። መደበኛው ስዋሂሊ የተመሠረተው በዛንዚባር ከተማ አነጋገር ላይ ነው፤ ልቤም ወደዚያ፣ ወደ ታንዛኒያ ያደላል። ሰዓት እንኳ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።

ያሰብኩት መጀመሪያ ዛንዚባር ከአንድ ቤተሰብ ጋር መኖር፣ ከዚያ ከዳሬሰላም በባቡር ዶዶማ ድረስ መዝለቅ፣ መጨረሻ ላይ ናይሮቢ ነው። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ስለነበርኩ ከመምህር ሥር ውሎ መማር አይከብደኝም። ገበያ መሃል ገብቶ መማር ግን ለእኔ አዲስ ነው።

እዚያ የኖራችሁ ንገሩኝ፦ ከዛንዚባር መጀመሩ ያዋጣል? ለአከራዮቼስ መኮንን መሆኔን እንዴት ልንገራቸው? መደበቅ አልፈልግም፤ ሰላይ ነው ተብሎ እንዲጠረጠርብኝም አልሻም። ከሁሉ የከበደኝ የባለቤቴና የልጄ ነገር ነው። ብወስዳቸው ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ እናወራለን፤ ትቻቸው ብሄድ ደግሞ ዓመት ረጅም ነው። ከቤተሰብ ጋር ሄዳችሁ ቋንቋ የለመዳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት አካፍሉኝ።